ሦስተኛዋና አራተኛው

ሰኔ በመጣ ቁጥር ሩዋን ፔይጂን ድካም ይጫናታል። ለሌላው የቻይናዋ ዉሃን ከተማ ሰው ሰኔ ማለት ዝናብና ወበቅ ነው፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። ለእሷ ግን ሰኔ ተማሪዎቿ የሚሄዱበት ወር ነው።

የምታስተምረው በከተማው ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ጥናት ክፍል ነው፤ ስለ ጥንዚዛ፣ ስለ አንበጣ፣ የሩዝ አገዳ መጥጠው ማሳውን ስለሚያደርቁ ጥቃቅን ተባዮች። በዚያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደዚህ ክፍል ፈልጎ የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። የመግቢያ ፈተና ውጤቱ ለኮምፒውተር፣ ለሕክምና ወይም ለፋይናንስ ሳይበቃው የቀረ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ከማጣ ብሎ ነው የሚገባው። መስከረም ላይ ተሰልፈው ሲመጡ ሁሉም ሰርግ ቤት ተሳስቶ የገባ እንግዳ ይመስላሉ፤ ይቀመጣሉ፣ የተሰጣቸውን ይቀበላሉ፣ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው።

በሩም አለ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ወደ ሌላ ትምህርት ለመዛወር ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ ክፍሉ በየዓመቱ የሚያጣው ምርጥ ምርጦቹን ነው። ሩዋን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትናደድ ነበር። ቀጥሎ ማዘን ጀመረች። አሁን አንዱም የላትም፤ ዝም ብሎ ደክሟታል። ጡረታ ለመውጣት የቀራት ጥቂት ዓመት ነው፤ ከአስተማሪዋ የተረከበቻቸውን፣ እሷም ዕድሜ ልኳን ስትሞላቸው የኖረችውን የናሙና መሳቢያዎች ለማን እንደምታስረክብ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ግን ሳታስበው ተስፋ አድርጋ ነበር። ምክንያቱ ከኤንሺ ተራሮች የመጣች ታን ዩሄ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ናት። ነፍሳትን በስፒል ወግቶ፣ እግራቸውን አስተካክሎ፣ ክንፋቸውን ዘርግቶ ማድረቅ ትዕግሥትም እጅም ይፈልጋል። ሌሎቹ ተማሪዎች እግር ይሰብራሉ፣ ክንፍ ይቀዳሉ። ዩሄ ያዘጋጀችው ጥንዚዛ ግን በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ያረፈ ይመስል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ሳያዛት ትመጣለች። ናፍታሊን ናፍታሊን በሚሸተው ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የክንፍ ሥሮችን በእርሳስ ትሥላለች። ሩዋን ከቤት የቋጠረችውን የሎተስ ሥር ቅቅል ለሁለት እየከፈለች ታካፍላታለች። ብዙም አያወሩም።

አንድ ማታ ሩዋን ለባሏ «ዘንድሮ አንዲት ልጅ አገኘሁ» አለችው።

ባሏ ሾርባውን እያማሰለ «አምናም እንዲሁ ብለሽኛል» አላት።

እውነቱን ነበር። ቢሆንም ይቺኛዋ ትለያለች ብላ አሰበች።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ዩሄ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ከሦስቱ ውስጥ ከገባች ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመዛወር እንደምታመለክት ተናገረች። ሩዋን «ጥሩ» አለቻት። ከዚያ ተነስታ የታጠቡትን የሻይ ኩባያዎች ወስዳ እንደገና አጠበቻቸው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የሌላው ትምህርት ውጤት ሁሉ ገብቶ የሩዋን የተግባር ፈተና ብቻ ቀረ። የዚያን ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ ሌይ ጉዎቢን ቢሮው ጠራት። ሌይ ድሮ ተማሪዋ ነበር፤ ዛሬም ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሻይ ቀዳላት፤ ስለ ባሏ ጤና ጠየቃት፤ ስለ ዝናቡ አማረረ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ልጆች መሄዳቸው አይቀርም፣ ስለነሱ ማውራት ከንቱ ነው አለ። ጉዳዩ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። ዩሄና ኩዋንግ ሚንግዳ የሚባለው ልጅ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል፤ የሚለያቸው የሩዋን ውጤት ነው።

ሚንግዳን ሩዋን በደንብ ታውቀዋለች። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሻንጣውን ያልፈታ የሚመስል ልጅ ነው። በሒሳብ የሚያህለው የለም፤ እሷ ክፍል ሲገባ ግን ይተኛል፣ ሲነቃ ደግሞ የነካውን ይሰብራል።

«እሱ ቢሄድ ምን ይጎድለናል?» አለ ሌይ። «እሷ ከሄደች ግን እርስዎ ራስዎ ያውቁታል። የተግባር ፈተና እኮ በሚዛን አይለካም። ትንሽ ከዚህ ቀነስ፣ ትንሽ እዚያ ጨመር ቢያደርጉ ማን ያያል? ልጅቷም አንድ ቀን ታመሰግንዎታለች።»

«አንተስ እዚህ በመቅረትህ ታመሰግነኛለህ?»

«እኔን ማን አስቀረኝ? ራሴ ነኝ የቀረሁት።»

«በአንተ ጊዜ መዛወር ስላልነበረ ነው የቀረኸው።»

ሌይ ሳቀ። «ቀረሁ አይደል ታዲያ መምህርት? ምን ሆንኩ?»

ሩዋን አየችው። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ከዓይኑ ሥር አብጧል፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ ተራ በተራ ይንጫጫል። ነገ ውጤቱን አስገባለሁ ብላ ወጣች።

ወደ ናሙና ክፍሉ ተመልሳ ብዙ ተቀመጠች። የሌይ ሐሳብ አስቀያሚ ነው፤ ሞኝነት ግን አይደለም። እሷ ራሷ ወጣት ሳለች የፈለገችው የሩሲያ ቋንቋ መማር ነበር። የዚያን ጊዜ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ስሟ ነፍሳት ከሚለው አጠገብ ተጽፎ አገኘችው። ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ አንድ ቀን በአጉሊ መነጽር ስታይ ምሳ መብላቷን ረሳች። ወደደችው ማለት ነው። መውደድ ይሁን መልመድ አሁን ብትጠየቅ ለይታ መናገር አትችልም፤ ግን ከዚህ የተሻለ ሕይወት አምልጦኛል ብላም አታውቅም። እንግዲህ ያለ ፈቃዷ ቀርታ ከተሳካላት፣ ዩሄ ላይ ለምን አይሆንም? ብላ አሰበች። አሰበችና ራሷን ታዘበችው።

በማግስቱ ጧት ዩሄ እርሳሶቿን ልትሰበስብ መጣች። ሩዋን ተቀመጪ አለቻት።

«ኮምፒውተሩን ትወጂዋለሽ?»

«አልወደውም።»

«ይሄንንስ?»

ዩሄ ወደ መሳቢያዎቹ አየች። «ይሄን እወዳለሁ።»

«ታዲያ?»

ውጭ ዝናቡ የመስኮቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሩዋን አላጣደፈቻትም።

«አባቴ ሰው ሲጠይቀው የዩኒቨርሲቲውን ስም ይጠራል» አለች ዩሄ በመጨረሻ። «ምን ትማራለች ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል። ለበዓል ዘመድ ሲሰበሰብ ሁሉም እየተቀባበሉ ይጠይቁኛል፤ ትል ልታረቢ ነው ወይ ይሉኛል፣ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ ግን አትስቅም፤ ከጭቃ ያወጣሁሽ ተመልሰሽ ጭቃ ውስጥ እንድትገቢ ነው ወይ አለችኝ። አስረዳኋት። ደግሜ አስረዳኋት። መምህርት፣ እኔ ደክሞኛል። የምወደውን ነገር ለሰው ሁሉ እያስረዳሁ ከምኖር፣ የማልወደውን ይዤ ዝም ብል ይሻለኛል።»

ሩዋን ልትላት የምትችለው ብዙ ነበር። ሰው ይረሳል፣ ዘመድ ይሰለቻል፣ እናት ትለምዳለች ልትላት ትችል ነበር። ሃያ ዓመት ባልሞላው ፊት ላይ ያየችው ድካም ግን የራሷን ድካም የሚያክል ሆነባት።

«ቁርስ በልተሻል?» አለቻት።

አልበላችም ነበር። ከግቢው ውጭ ወጥተው ቆመው በሰሊጥ የተለወሰ የኑድል ቁርሳቸውን በሉና ተለያዩ።

ከሰዓት በኋላ ሩዋን ተማሪዎቹ ለተግባር ፈተናው ያዘጋጇቸውን የናሙና ሣጥኖች አውጥታ ውጤት ልትሞላ ተቀመጠች። የዩሄን አየች፤ እንከን የለውም። የሚንግዳን አየች። ከዚያ መልሳ የሚንግዳን ሣጥን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። እዚህ ጋ እውነቱ መነገር አለበት፤ የሚያስጨምር ነገር እየፈለገች ነበር። ልጁ በሐቅ የሚገባው ተጨማሪ ነጥብ ካገኘችለት፣ እሱ ሄዶ ዩሄ ትቀራለች፣ እሷም በማንም ላይ በደል አልሠራችም ማለት ነው። ፈልጋ አጣች። አንበጣው እግር የለውም። ቢራቢሮዋ አንድ ክንፏ በማጣበቂያ ተለጥፎ ወደ ላይ ቆሟል። አንዷ ጥንዚዛ ጭራሽ የሌላ ጥንዚዛ ራስ ተተክሎላታል። ሩዋን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ከዚያ ያየችውን እንዳየችው ሞላችና አስገባችው።

ዩሄ ሦስተኛ ወጣች። የኮምፒውተር ክፍሉ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ተቀበላት፤ ያለፈው ዓመት አልተቆጠረላትም፣ ከአዲስ ገቢዎቹ ጋር ከመጀመሪያው እንድትጀምር ሆነ።

ሚንግዳ ውጤቱን ባየ ዕለት ሩዋን ቢሮ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ጃንጥላ አልያዘም፣ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በእርስዎ ትምህርት ነው የቀረሁት» አለ።

«አዎ።»

«ትንሽ ነበር እኮ የጎደለኝ።»

«አውቃለሁ። ሣጥንህን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ሁለት ጊዜ አይተው ምንም የረባ አላገኙበትም?»

ሩዋን ልትዋሸው አልፈለገችም። «ምንም» አለችው። ልጁ ዞሮ ሄደ። የቆመበት ቦታ ላይ ውሃው ኩሬ ሠርቶ ቀረ። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ መጥታ እስክትወለውለው ድረስ ሩዋን ስታየው ቆየች።

ሌይ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሳባትም። ስብሰባ ላይ ስለ ተማሪ ማነስ ሲወራ ግን ወደ እሷ ሳያይ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ጥቅምት ላይ ካፍቴሪያው ሰልፍ ውስጥ ዩሄን አገኘቻት። ከስታለች። እንዴት ነው ስትላት ደህና ነው አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች በዕድሜ ከእሷ ቢያንሱም በትምህርቱ ቀድመዋታል፣ አንዳንዶቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ፕሮግራም የሚጽፉ ናቸው፤ እንቅልፍ የሚተኛ የለም፣ የሚያወራም የለም አለች። አባቷ ግን መዛወሯን በሰማ ጊዜ መንደሩን ጠርቶ ደግሷል።

«ማንም አይጠይቀኝም አሁን» አለች ዩሄ። ይህንን ስትል ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ሩዋን መለየት አልቻለችም። ሳህናቸውን ይዘው ሊለያዩ ሲሉ፣ ቅዳሜ መጥቼ ልሣል እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ነይ» አለቻት ሩዋን። «ቦታሽን የያዘው የለም።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ አልመጣችም። በሁለተኛው ፈተና አለብኝ ይቅርታ የሚል መልእክት ላከች። ከዚያ በኋላ ሩዋን ወደ በሩ ማየቷን ተወች።

ኅዳር ላይ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ አንድ ቤተ ሙከራ መርጠው መግባት ነበረባቸው። ሚንግዳ ቀኑ እስኪያልፍ ሳይመርጥ ቆየና የሌሎቹ ሁሉ ሲሞላ ሩዋን ዘንድ ተመደበ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱም ተኮራርፈው ሰነበቱ። እሱ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሒሳብ ልምምድ ይሠራል፤ ከተመረቀ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ የኮምፒውተር መግቢያ ፈተና እንደሚወስድ ለማንም አልደበቀም። እሷም አልተቃወመችም። ብቻ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከደቡብ የተላከ የናሙና ጠርሙስ መጥቶ እጅ ሲያጥራት፣ ወረንጦውን አንስታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ጥንዚዛ በመካከል አይወጋም አለችው፤ በቀኝ ክንፉ ላይ ነው፣ ቀጥ አድርገህ፣ ሳትጫን። ልጁ ወጋ፣ ተሰነጠቀ። ሌላ ሰጠችው፣ ያም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ላይ ምላሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲሞክር ቆየና ስፒሉ ገባ። ትንሽ ወደ ጎን ዘመም ብሏል እንጂ ቆሟል።

ሚንግዳ ወደ ኋላ ተደግፎ ግድግዳውን ሙሉ የሸፈኑትን መሳቢያዎች አንድ በአንድ አያቸው። ከመጣ ጀምሮ አሁን ገና ያያቸው ይመስል ነበር።

«ይሄን ሁሉ እርስዎ ሲወጡ ማን ይይዘዋል?»

«እኔ እንጃ።»

«ወደ እኔ አይመልከቱ» አለ ሚንግዳ ቶሎ ብሎ።

ሩዋን ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ሳይፈልግ ፈገግ አለና ደብቆ ወደ ጠርሙሱ ዞረ።

«ወደ አንተ አላየሁም» አለችው። «ሌላ አንድ ውጋ። ያኛው ዘሟል።»

ልጁ አጉረመረመ፣ ወረንጦውን አነሳ። ሩዋን ልታሳየው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ሻይዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ቢሰብርም ይስበር ብላ።