ግቢ ውስጥ የተቀመጡት

ሥራ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጌጃ ሰፈር ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ ነርሶች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ማዋለጃውና ድንገተኛው ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው። ጓንት አልቆ በባዶ እጅ ቁስል ማጠብ፣ ሠላሳ ሰዓት ሳይተኙ መሥራት በቃን ብለዋል።

ዕፀገነት ነርስ አይደለችም። ማን ገባ፣ ማን ቀረ እያለች ሃያ ስድስት ዓመት የሠራተኞችን መዝገብ የያዘች ናት፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ከመስኮቷ ሆና ከነርሶቹ መካከል የተቀመጠችውን ፈሪዳን ታያታለች። ፈሪዳ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ ናት። ባለፈው ክረምት ዕፀገነት በሳንባ ምች ስትወድቅ፣ ከተረኝነት ስትወጣ እንኳ ሳታርፍ ደረጃውን እየወጣች መርፌ ስትወጋት የከረመችው ፈሪዳ ነች።

አራት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተሰማ አስጠራት። እሱም ድሮ ነርስ ነበር።

"በሩን ዝጊው" አላት። ዘጋችው።

"ግቢ ውስጥ የተቀመጡትን ስማቸውን ጽፈሽ እስከ ስድስት ሰዓት ታመጪልኛለሽ። ከላይ እየጠበቁ ነው። ሊያሰናብቷቸው ቆርጠዋል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ፈሪዳን አንደኛ ላይ አድርጊያት፤ ያነሳሳቻቸው እሷ ናት።"

ቢሮዋ ተመልሳ ወረቀት አወጣች። ቁጥር አንድ ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። ጡረታዋን አሰበች። ፈሪዳ ውጭ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ዕፀገነት ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችና የጠዋቱን የፊርማ መዝገብ አቅፋ ወደ ተሰማ ቢሮ ተመለሰች።

"ይኸው። ሃያ ሦስቱም ነርሶች ሁለት ሰዓት ላይ ፈርመው ገብተዋል።"

"እኔ ይህን አላልኩሽም!" ጠረጴዛውን መታው። "በመስኮትሽ አላየሽም?"

"አይቻለሁ። እርስዎም አይተዋል።" መዝገቡን ፊቱ አስቀመጠችው። "የእኔ ሥራ የገባና የወጣ መመዝገብ ነው። ስማቸው መጻፍ ካለበት እርስዎ ይጻፉትና ይፈርሙበት።"

"በእንጀራሽ እየተጫወትሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ተሰማ ወረቀት ስቦ እስክሪብቶ አነሳ። ወደ ግቢው አየት አደረገ። አልጻፈም። ስልኩ ጮኸ፤ ዝም አለው። ዳግም ሲጮኽ አነሳው።

"አቤት... አዎ ጌታዬ... ሁሉም ፈርመው ገብተዋል። ነጥዬ የምልከው ስም የለኝም።"

ከወዲያ ያለው ሰው ቁጣ ለዕፀገነት ሳይቀር ይሰማት ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ተሰማ ፊቷን ሳያይ "ውጪልኝ" አላት።

በማግስቱ ሁለት ሹማምንት መጥተው ከነርሶቹ ጋር ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ። ጓንት በሳምንት ውስጥ ይመጣል፣ የተረኝነቱ ሰዓት ግን ይጠናል ተባለ። ነርሶቹ እያጉረመረሙ ሥራ ጀመሩ። ማንም አልተባረረም። ጓንቱ መጣ፤ ሰዓቱ እስከ ዛሬ እየተጠና ነው።

ዕፀገነትን ግን ከተማው ዳር ወዳለ የመድኃኒት መጋዘን አዛወሯት። ደብዳቤው ላይ የፈረመው ተሰማ ነበር። ፈሪዳ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆማ አነበበችውና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እትዬ ዕፀ፣ በእኛ ምክንያት እኮ..."

"ተይ እንግዲህ" አለቻት ዕፀገነት ደብዳቤውን እየተቀበለች። "ሦስት ታክሲ ነው አሉ። አሁን የጨነቀኝ በስንት ሰዓት እንደምነሳ ነው።"