ኦርኬስትራው እንጦጦ ሲወጣ

"ተቆጠሩ!" አሉ ጋሽ ጎበና ከጭጋጉ ውስጥ። "ዓይኔ አላይ ስላለ በድምፅ ተቆጠሩልኝ!"

"ትሮምፔት አለ" አለ ጀይላን ከፊት።

"አኮርዲዮንም አለች። ትከሻዬ ግን አብሮኝ መኖሩን እንጃ" አለች ጂቱ።

"ከበሮው አለ" አለ ዓለሙ። ትልቁን ከበሮ ሆዱ ላይ አቅፎ ስለሚወጣ እግሩን ካየ ቆይቷል። "የተሸከመው ሰውዬ ግን የት እየረገጠ እንደሆነ አያውቅም።"

 ከባሕር ዛፉ ቅጠል ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል።

"ክላሪኔትስ? ገረሱ! የለህም እንዴ?"

ገረሱ አለ። ከሁሉም ኋላ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ክላሪኔቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ዳገቱን ይወጣል። "እምም" አለ።

"እምም የሚባል መሣሪያ እኔ ኦርኬስትራ ውስጥ የለም!" አሉ ጋሽ ጎበና። ጂቱ ሳቀች፤ ሳቋ ጭጋጉ ውስጥ ትንሽ ተንከባሎ ጠፋ።

ገረሱ አፉን መክፈት ስላልፈለገ ነው። ጠዋት፣ ደረቅ ዳቦ ሲገምጥ፣ ሲነቃነቅ የከረመው የላይኛው የፊት ጥርሱ ዳቦው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ክላሪኔት የሚነፋ ሰው የመሣሪያውን አፍ የሚይዘው በላይኛው የፊት ጥርሱ ነው። ገረሱ ሾላ ገበያ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ ይሁን እንጂ፣ የየካ ሰው የሚያውቀው በመቀሱ ሳይሆን በዚያች ክላሪኔት ነው። ቀጭኑን፣ ከፍተኛውን ድምፅ ሲያወጣ ከየካ ሚካኤል እስከ ቀበና ወንዝ ይሰማል ይሉለታል። እሱም ሲሉለት አያስተባብልም።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወራት ነው። የየካ ኦርኬስትራ ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ስድስት ሰው ነው። ጋሽ ጎበና ከጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ በጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት የመምሪያ ዘንግና ጉሮሮ ብቻ ነበር። ጀይላን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አኮርዲዮኑን የለመደችው ከምትሰፋላት ግሪካዊት እመቤት ነው። ዓለሙ ሥጋ ቤት አለው። ስድስተኛው እንጦጦ ላይ ደን የሚጠብቀው ቱሉ ነው። ቫዮሊኗን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር በሁለት ጭነት እንጨት ለውጦ አገኛት፤ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ደን ጠባቂ አይጠየቅም።

ዛሬ ቱሉ የመጀመሪያ ልጁን አዱኛን ይድራል። ኦርኬስትራው ሊጫወት በጀይላን መኪና ተነሣ፤ መኪናው ግን ከዳገቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና የቀረው መንገድ በእግር ሆነ።

ገረሱን ያስጨነቀው መንገዱ አይደለም። ቱሉ ከፋሲካ በፊት ወደ ፀጉር ቤቱ መጥቶ፣ ፂሙን እየተላጨ ሳለ፣ "አዱኛ ከቤት ስትወጣ፣ አባቴ በማሲንቆ ይጫወታት የነበረችውን ዜማ ተጫወትልኝ" ብሎት ነበር። እያንጎራጎረም አስጠናው።

"አንተ ራስህ ለምን አትጫወታትም?" ብሎት ነበር ገረሱ፣ ለወጉ ያህል።

"የሙሽራ አባት አዝማሪ ሆነ ይሉኛል። አማቾቼ የካራ ሰዎች ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም። ደግሞስ የኔ አያያዝ ሰው ፊት ይቀርባል?"

ቱሉ ቫዮሊን የሚጫወተው እንደ ማሲንቆ ጉልበቱ ላይ አቁሞ ነው። "ቫዮሊን በአገጭ ነው!" ይላሉ ጋሽ ጎበና በየእሑዱ። በአገጭ ሲይዛት ቱሉ ጥርሱን የሚያመው ሰው ይመስላል፤ ድምፁም እንደዚያው። ስለዚህ ዜማ አይሰጠውም፤ ያጅባል። ዜማው የገረሱ ነው፤ ገረሱም በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም።

ጭጋጉ እየወፈረ ሄደ። ዛፎቹ ግማሽ ግማሽ ሆኑ፤ ግንዳቸው አለ፣ ጫፋቸው የለም። ገረሱ ሳይሰሙት አንድ ጊዜ ልሞክራት ብሎ ከመንገዱ ዞር አለና ክላሪኔቷን ገጣጠመ። የመሣሪያው አፍ ክፍተቱ ላይ ተንሸራተተ። ሲነፋ የወጣው ድምፅ ራሱን አስደነገጠው።

"ጅብ ነው!" አለ የጀይላን ድምፅ ከሩቅ።

"ጅብ በቀን ምን ሊሠራ?" አለ ዓለሙ።

"ሰርጉ ላይ ሥጋ እንዳለ ሰምቶ ይሆናላ!"

ሳቁ እየራቀ ሄደ። ገረሱ ወደ መንገዱ ሲመለስ መንገዱ የለም። የዓለሙ ከበሮ ዱም ዱም ሲል ይሰማዋል፤ ግን አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ደግሞ ከመሬቱ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። "ጋሽ ጎበና!" ብሎ ተጣራ። ከጥርሱ ክፍተት ትንፋሹ እየሾለከ ስሙ "ጎፈና" ሆነበት። ደግሞ ለመጣራት አፈረ።

ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ክላሪኔቷን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲያስብ፣ የሰው ፂም ሲላጭ በቀን ስንት ጊዜ የሚላት ነገር ትዝ አለችው፦ የላይኛውን ከንፈርህን ወደ ውስጥ እጠፋት። ደንበኛው ከንፈሩን ጥርሱ ላይ ጠቅልሎ ፊቱን እንደ አሮጊት ያደርጋል። ገረሱም ዙሪያውን አየ፤ ማንም የለም። ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጠፈና የክላሪኔቷን አፍ በሁለቱ ከንፈሮቹ መሃል ብቻ ያዘ። ነፋ።

ቀጭኑ ድምፅ አልመጣም። የመጣው ዝቅ ያለ፣ ትንፋሽ የተቀላቀለበት፣ ለስላሳ ድምፅ ነው። ከክላሪኔቷ የወጣ ሳይሆን ጭጋጉ ራሱ መተንፈስ የጀመረ መሰለው። የቱሉን አባት ዜማ ቀስ እያለ፣ ከታች፣ ከወፍራሙ ድምፅ ጀመራት። ዕድሜውን ሙሉ ከፍ ብሎ ሲጮህ ኖሮ፣ ይህ ድምፅ በዚያች እንጨት ውስጥ መኖሩን ሳያውቅ! ዓይኑን ጨፈነ። የት እንዳለ፣ ለምን እንደመጣ፣ ጥርሱንም ረሳ።

ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ሴት ቆማለች። ቅጠልና ጭራሮ ከወገቧ እስከ ራሷ በላይ ተሸክማ፣ ከጭጋጉ የበቀለች ትመስላለች።

"ጌታው፣ ፍየል ጠፋብህ እንዴ?" አለችው።

"የለም እትዬ፣ እኔው ነኝ የጠፋሁት። የደን ጠባቂውን የቱሉን ቤት ታውቂያለሽ?"

"እንዴት አላውቀው!" ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ ተነፈሰች። "አሁን የምታዜማትን ዜማ አይደል ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጓሮ የሚጫወታት? የኛ ዕድል ናት እሷ። ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን ሲጨፍን እኛ እንጨታችንን ይዘን እናልፋለን።"

"ቱሉ? ይችን ዜማ?"

"ዝም ብለህ ስማ።"

ገረሱ ጆሮውን አቀና። መጀመሪያ የሰማው የውሃውን ጠብታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከላይ፣ ከዛፎቹ ባሻገር፣ ቀጭን የክር ድምፅ መጣ። ሴትዮዋ በአገጯ አቅጣጫውን አሳየችውና ሸክሟን አንሥታ ቁልቁል ሄደች፤ ወዲያው ጭጋጉ ዋጣት።

ገረሱ ድምፁን ተከትሎ ወጣ። ዜማዋን ያውቃታል ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ያን ጊዜ ያልሰማቸው ነገሮች አሉባት። እሱ በቀጥታ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቱሉ ትንሽ ይዘገያል፤ እሱ ከፍ ብሎ የሚጨርሳትን ቱሉ እንደ ጥያቄ ክፍት ትቷት ይመለሳል። ዳገቱ አልተሰማውም። በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ሰው እግሩ በራሱ ሄደ፤ አጥሩን በእጁ እስኪነካው ድረስ።

ቱሉ ከጓሮው ግንድ ላይ፣ በአዲስ ኮትና ሱሪ፣ ቫዮሊኑን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ተቀምጧል። ጉንጩ ረጥቧል፤ ከጭጋጉ ይሁን ከሌላ አይታወቅም። ገረሱን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ።

"እንዲሁ ነው... እጄ ሥራ ስለፈታ" አለ።

ገረሱ አፉን ከፍቶ አሳየው።

"ምን ሆንክ?"

"ወለቀ። ጠዋት።"

"ዛሬ? በልጄ ሰርግ ቀን?"

"ቀኑን አላማከረኝም።"

ቱሉ ሊቆጣ ፈልጎ ሳቅ ቀደመው። ሁለቱም አጥሩን ተደግፈው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ቱሉ ግንዱ ላይ ዝርፍጥ አለ።

"ታዲያ ዜማዋ ቀረች በለኛ!"

"አልቀረችም። ስማኝ።" ገረሱ ከንፈሩን አጥፎ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅ ተጫወተለት። ቱሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲጨርስ ቀና አለ።

"ጥርስህ ከዱሮም መውለቅ ነበረበት" አለ። "እንዲህ ስትሆን የአባቴን ማሲንቆ ትመስላለች። ልክ እንደዚህ ተጫወትልኝ።"

ገረሱ ደስ አለው። ክብሩ ተርፏል፤ እንዲያውም ጨምሯል። ግን አንድ ነገር ከነከነው። "አንተ ግን ከኔ ይበልጥ ታውቃታለህ" አለ።

"ማወቅ ሌላ ነው" አለ ቱሉ፤ ቫዮሊኑንም ቤት ሊያስገባ ተነሣ።

ሌሎቹ ዘግይተው ደረሱ። ዓለሙ ከበሮው አምልጦት ቁልቁል ተንከባሎ ሲያሳድደው ቆይቶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ጋሽ ጎበና ገረሱን ሲያዩ፣ "በአቋራጭ መጥተህ ነው?" አሉት። "እምም" አላቸው።

ቀትር ላይ ጭጋጉ ሳሳ። ዳሱ ሞላ፤ የካራ ሰዎች በዘፈን ገቡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ምስክር ይመስል ሁሉን አዩ። ኦርኬስትራው ተሰልፎ ተጫወተ። ገረሱ በዝቅተኛው ድምፅ ሲገባ ጂቱ አኮርዲዮኗን ሳታቋርጥ ዘወር ብላ አየችው። በእረፍቱ ጠጋ አለችና፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል? ሲያምር!" አለችው። እሱ ፈገግ ሲል ክፍተቱን አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ሙሽራይቱን የማውጣት ሰዓት ደረሰ። አዱኛ ከጓዳ ወጥታ የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ልትስም ቀረበች። ቱሉ ከካራ ሽማግሌዎች መሃል አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ጎበና ዘንጋቸውን አነሡ፤ በዓይናቸው ገረሱን ጠሩት።

ገረሱ ክላሪኔቷን ወደ አፉ አስጠጋ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ እሱን ይጠብቃል። ይህን ጸጥታ ይወደዋል። ሊነፋ ሲል የቱሉን ግራ እጅ አየ። ጣቶቹ ሱሪው ላይ፣ ማንም ሳያያቸው፣ ክር እንደሚጫን ሰው ይንቀሳቀሳሉ።

ክላሪኔቷን አወረደ። ከሰልፉ ወጣ።

"ገረሱ!" አሉ ጋሽ ጎበና በሹክሹክታ፤ ግን ዳሱ ሁሉ ሰማቸው።

ጓዳ ገብቶ ቫዮሊኗን ይዞ ወጣና ቱሉ ጉልበት ላይ አኖራት። ሽማግሌዎቹን "ይቅርታ" ብሎ እያጠጋጋ ከጎኑ ተቀመጠ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ ቱሉ፣ ፊቱ ቀልቶ። "ሰው ምን ይለኛል?"

"እኔ ከሥር አጅብሃለሁ። የሚሉንን ለሁለት እንካፈለዋለን።"

"ገረሱ፣ ተው..."

ገረሱ አልተወም። ዜማዋን ሳይሆን አጃቢዋን፣ ቱሉ በየእሑዱ ከኋላ ሆኖ የሚጫወተውን፣ ብቻውን ጀመረ። አጃቢዋ ዜማ አንድ ጊዜ ዞረች። ሰው የሚጠብቅ ክፍት በር ትመስላለች። ሁለተኛ ጊዜ ዞረች። አንድ የካራ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ "አባትየው ሊጫወት ነው እንዴ?" አሉ። ጎረቤትየው፣ "ዝም በል እስኪ እንስማ" አላቸው።

አዱኛ ጉልበቱን ልትስም አጎንብሳ ነበር። ቀና ብላ፣ "አባዬ፣ በናትህ" አለችው።

ቱሉ ደጋኑን አነሣ።

ስለዚያች ዜማ የካራ ሰዎች በኋላ ብዙ አውርተዋል። ጭጋጉ መልሶ እንደወረደ፣ ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዳዳመጠ የሚናገሩም አሉ። በጊዜው ግን ጋሽ ጎበና ቫዮሊኗ ጉልበት ላይ መቆሟን አይተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘንጋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ወደ ጂቱ ዞሩና፣ "ለዛሬ ብቻ ነው" አሉ። ዓይናቸውን ግን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

አዱኛ የእናቷን ጉልበት ስማ እስክትነሣ ዜማዋ አንድ ዙር ሞላች። በኦርኬስትራው ልማድ ሁለተኛው ዙር የክላሪኔት ነው። ቱሉ እየተጫወተ ወደ ገረሱ ዞረ፤ አሁን አንተ ያዛት ሲለው፣ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ጀይላንም፣ ዓለሙም፣ ጂቱም ገረሱን አዩት። አዱኛ ወደ ደጁ መራመድ ጀምራለች።

ገረሱ አይሆንም ሲል ራሱን ነቀነቀና ከታች ማጀቡን ቀጠለ።