ትክክለኛ ስም

የተቃዋሚውን ፓርቲ ሊቀመንበር ሰው ሁሉ «አይጎብጤ» ይለው ነበር። ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ጠረጴዛ እየደበደበ «ብሰበር እሰበራለሁ እንጂ አልጎብጥም!» ሲል የኖረ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ታስሮ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲወጣ ያንኑ ነው የደገመው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ገዢው ፓርቲ ሊገባ ነው ቢባል ማን ያምናል? የራሱ ጸሐፊ እንኳ አላመነችም፤ አስራ አንድ ዓመት ደብዳቤውን ስትተይብ የኖረችው፣ ሰውዬው አራት ነጥብ የት እንደሚረሳ ሳይቀር የምታውቀው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገና ጃኬቷን ሳታወልቅ ቢሮው ጠራትና በሩን ዘጋው። ጠረጴዛው ላይ የአባላቱ መዝገብ ተዘርግቷል።

ይሄ መዝገብ ጉደኛ ነው። በግራ በኩል አርባ ሁለት ቅጽል ስም አለ፤ በቀኝ በኩል «ትክክለኛ ስም» የሚል ርዕስ ብቻ፣ ከሥሩ ባዶ። መዝገቡ ቢያዝ ሰው እንዳይያዝ ብሎ እንዲህ ያዘዘው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ቅጽሎቹን ያወጣው ደግሞ የጸሐፊዋ ታላቅ ወንድም ነው፣ ያ ራዲዮ ጠጋኙ፣ ያ ቀልደኛ። ሁልጊዜ የሚያረፍደውን መምህር «አስር ሰዓት» አለው። ድምጿ ሦስት ሰፈር የሚሰማውን ነርስ «ሹክሹክታ» አላት። የትኛው ቅጽል የማን እንደሆነ አንድ ሳይቀር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱና እህቱ። እሱ ደግሞ የቅጽሎቹ ዝርዝር ኪሱ ውስጥ ተገኝቶበት ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አላት ሊቀመንበሩ። ዛሬ ምላሱ ቅቤ ነው። «ወሬውን ሰምተሻል። ከውጭ ሆነን ጮኸን አየነው። እስቲ ደግሞ ከውስጥ ሆነን እንሞክረው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ይሄን የሚሉት?»

«ሰው ያረጃል እኮ።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ከእኔ ጋር ለሚገቡት ሁሉ ምህረት ይደረጋል፤ ቃል ገብተውልኛል። ግን ‹ሹክሹክታ› የምትባል ሰው እንዴት ብለው ይማሯታል? ስማቸው ይሟላ ተብሏል። ዛሬ ከተሟላ ወንድምሽ በሳምንቱ ቤቱ ይገባል።»

«እነሱስ መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ተጠይቀዋል?»

«ይጠየቃሉ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። አርባ ሁለት ሰው አስረክቦ ለሚገባ ወንበር ይሳብለታል፤ ባዶ እጁን የሚመጣ በር ላይ ነው የሚቀረው። ግን «ወንድምሽ» የምትለዋ ቃል አንጀቷን በላችው። እናት የላቸው፣ አባት የላቸው። ታማ ከትምህርት ቤት በቀረችበት ዓመት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። የ«መ»ን ሁለተኛ ክብ መግጠም እየረሳች ክፍቱን ስትተወው «ኧረ ሚጡ፣ የመ አንድ ዓይኗ ፈሰሰ!» እያለ በሳቅ ይገድላት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ስንቅ ስታመላልስ አንድ ቀን እንኳ አላሳዩዋትም።

እስክሪብቶውን አነሳች።

የመጀመሪያውን ስም ስትጽፍ ከበዳት። «አስር ሰዓት»፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቀለላት። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም ይባል የለ? ሃያኛው ላይ ስትደርስ ጭራሽ የእጅ ጽሑፏ አምሯል። «ሹክሹክታ» ላይ ቆመች። አምና በሳምባ ምች ወድቃ ሳለ ያስታመመቻት ነርሷ ናት።

«በርቺ ልጄ፣ ጥቂት ነው የቀረሽ» አላት አይጎብጤ።

ጻፈቻት።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ በቴሌቪዥን ታየ፤ ደረቱ ላይ አዲስ ዓርማ ለጥፎ፣ ከትናንት ጠላቶቹ ጋር እየተሳሳቀ። ሰፈሩ አዲስ ስም ለማውጣት ቀን አልፈጀበትም፤ «ታጣፊ አልጋ» አሉት፣ ተሳቀ። ዓርብ ጠዋት ግን ሳቁ ቆመ። መምህሩን ከክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ እያዩ ወሰዱት። ነርሷን ከነነጭ ልብሷ ከሆስፒታሉ አወጧት፤ ጩኸቷ ሦስት ሰፈር ተሰማ ይላሉ። እስከ እሁድ ሠላሳ ስምንት ሰው ታፈሰ። ምህረትስ እንዲህ ነው! እንዲህ ያለውን ምህረት ለጠላቴም አይስጠው።

ወንድሟ ማክሰኞ ተለቀቀ፤ አይጎብጤ በዚህች እንኳ ቃሉን አላጠፈም። በሩ ሲንኳኳ ከፍታ ስታየው መጀመሪያ አልለየችውም ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ልብሱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። «ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት፤ ግን የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። ሻይ ስትሰጠው ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መሃል ይዞ ጠጣ። ያ ፀጉር የምታክል ሽቦ የሚበይድ እጅ!

«ምን አድርገውህ ነው?» አለችው።

«ስሞቹን ነበር የፈለጉት። ‹አስር ሰዓት ማነው? ሹክሹክታ ማናት?› ስምንት ወር ይሄንኑ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንድም አልነገርኳቸው። አንድም!»

ዓይኗን ከወለሉ ላይ ማንሳት አቃታት።

«ዛሬ ጠዋት መርማሪው አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ‹በከንቱ ነው የለፋኸው፣ በል ቤትህ ግባ› አለኝ። ሁሉም አሉበት፣ አርባ ሁለቱም። ከነአያታቸው።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«ማን እንደጻፈው አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩት።» ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ እንደያዘ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «የመ ዓይን ዛሬም አልገጠመልሽም፣ ሚጡ።»