የሆርማት አሸዋ የጠራ ቀን

ራዊያ ቆቦ ገበያ ዳር ስልክ መጠገን ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ የተሰበረውን እየፈታች፣ የፈታችውን እያበላሸች፣ ያበላሸችውን መልሳ እየጠገነች ነው ያወቀችው። ምላሷ ደግሞ ከመፍቻዋ ይስላል። የማይጠገነውን አሮጌ ስልክና ባትሪ ሰብስባ፣ አዲስ አበባ በወጉ ፈታተው ለሚያስወግዱ ሰዎች ልትልክ ተነሳችና ሐምሌ ሲገባ ገበያው መሃል ቆማ ለፈለፈች።

«ባትሪው መርዝ ነው! ብታቃጥሉት በአፍንጫችሁ፣ ሜዳ ብትጥሉት በከብቶቻችሁ ሆድ ይገባል። ሰማችሁ? ወይስ ጆሯችሁም ቻርጅ ጨርሷል?»

ሰው ሳቀላት። አንድ ስልክ ይዞላት የመጣ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ አጎቷን አባ ውዱን ልትጠይቅ እርሻቸው ወረደች። ከሆርማት ደረቅ ወንዝ ጎርፍ ጠልፈው ወደ ማሽላቸው የሚያስገቡበትን ቦይ ይጠርጉ ነበር። ማሽላው ጉልበት ደርሶ ጠውልጓል። ሜዳው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ተራራው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፍ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ዛሬ ተራራው ጠቁሯል።

«አጎቴ፣ ያ አሮጌ ስልክዎ የታለ?»

«ቀበርኩት።»

«ምን አሉ?»

«መርዝ ነው አላልሽም? መርዝ ቤት አይቀመጥም። ባትሪውን ነቅዬ ለየብቻ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። ጎርፉ ሲመጣ ጠርጎ ይውሰደዋ!»

ራዊያ አሸዋውን አየች፤ ቦዩን አየች። «ወዴት ነው የሚወስደው? ይኸው በዚህ ቦይ ወደ ማሽላዎ አይደል? ወላሂ አጎቴ፣ መርዙን ከጓዳ አውጥተው መሶብ ውስጥ ነው የከተቱት!»

አባ ውዱ አካፋቸውን አንስተው ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ ተከተለቻቸው። የቀበሩበት ግን ጠፋባቸው። አሸዋ ሁሉ አሸዋ ነው። ቀትር ነበር፤ ነፋስ የለም፣ የወፍ ድምፅ የለም።

ያኔ ከእግራቸው ሥር ስልክ ጠራ።

«የኔ ነው» አሉ አባ ውዱ በሹክሹክታ። «አውቀዋለሁ።»

«ባትሪ የሌለው ስልክ አይጠራም» አለች፣ ደንበኛ በምትገስጽበት ድምፅ። ተንበርክካ ክንዷ እስኪጠልቅ ማሰች። አገኘችው፤ ቀዝቃዛ፣ ጀርባው ክፍት፣ ባትሪው ቦታ ላይ አሸዋ ብቻ። እጇ ሲነካው ዝም አለ።

ራቅ ብሎ ሌላ ጠራ። ከማዶ ደግሞ ሌላ። ወዲያው ወንዙ ከላይ እስከ ታች ይጮህ ጀመር፤ አንዱ በዘፈን፣ አንዱ በአዛን፣ አንዱ በሕፃን ሳቅ።

«ስንት ነው የቀበሩት፣ አጎቴ?»

«እኔ አንድ ነው። ግን ደመቀችም ቀብራለች፣ ጀሚልም፣ መንደሩ በሙሉ። ሁሉም ያንቺን ቃል ነው የሰማው፣ ልጄ።»

ራዊያ ገበያው መሃል የማይጣልበትን ሁሉ ስትዘረዝር «ለኔ አምጡልኝ» ማለቱን ረስታው ነበር።

ከተራራው በኩል ጎርፉ አስገመገመ። ያን ሁሉ ቆፍሮ ማውጫ ጊዜ የለም። አባ ውዱ ማሽላቸውን አዩት።

«ይህ ውሃ ካመለጠኝ ዘንድሮ እህል የለኝም።»

«ከገባልዎትም አይበሉትም።»

አባ ውዱ ሽቅብ ሮጠው የቦዩን አፍ በእሾህና በአፈር ይሞሉት ገቡ፤ እሷም በእጇ ዛቀች። ጎርፉ ደረሰ። ቦዩ ውስጥ ጠብታ ሳያስገባ፣ ሆዱ ውስጥ ያ ሁሉ ጥሪ እየጮኸ፣ በአጠገባቸው አለፈ።

ታች፣ ቦዩን ከፍቶ ይህንኑ ጎርፍ የሚጠብቅ ሙዓዊያ የሚባል ገበሬ አለ። ራዊያ በጭቃ እጇ ደወለችለት።

«ሙዓዊያ! ቦይህን ድፈን! ውሃው መርዝ ይዟል!»

«የምን ውሃ? እዚህ ገና አልደረሰም» አለ። «ይልቅ አንቺ የስልክ አዋቂ ነሽና ንገሪኝ፤ ከደረቁ አሸዋ ሥር የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ድፈነው» አለችው። «እሱን ኋላ እንጠይቃለን። መጀመሪያ ድፈነው።»