አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር

አባቴ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ሊያጽናና፣ የከተማው ግንብ በር ከሆነው ከፈላና በር አጠገብ ወዳለው ቤታችን ለሚመጣ ሁሉ እናቴ ወይዘሮ እልፍነሽ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ግትርነቱ ነው የገደለው።» እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

የእናቴን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስታግሰው ሙቅ ውኃ ስለ ሆነ፣ ለቤቱ ቦይለር ያስተከልሁት እኔ ነኝ። ቀዝቃዛው ውኃ ከጣሪያው ታንከር በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከቦይለሩ አናት ደግሞ እንፋሎቱና ሲሞቅ የሚያብጠው ውኃ የሚያመልጡበት መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ ግማሽ ኢንች ይበቃል ሲሉ እኔ አንድ ኢንች ብዬ ተከራክሬ ረታሁ። ስፋቱን ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ከፍታውን ግን ከአሮጌው ታንከር ልክ ወሰድሁት፤ አባቴ የገዙትን ተለቅ ያለውን ታንከር ሳልለካ።

ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ይቀላልና በቱቦው ውስጥ ከታንከሩ ውኃ በላይ ከፍ ይላል። ቱቦዬ አጭር ስለ ነበር፣ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር ይፈስስ ጀመር። አባቴ ወደምሠራበት ወደ ድሬዳዋ ደወሉልኝ።

«ኢንጂነሯ፣ ቱቦሽ ለጎረቤታችን ለናፊያ ግቢ ሙቅ ውኃ ያድላል። ባልዲ ደቅና ታጥባ ስትጨርስ እኛ ገና ሳሙና እንፈልጋለን።»

«ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ፣ አባባ።»

«የትኛውን ቅዳሜ?» ብለው ሳቁ።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ውኃ በሁለት ሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ጠብታ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ውኃ እንዳይባክን ከታንከሩ ሥር ያለውን ቫልቭ መዝጋት የቤታችን ልማድ ነው፤ ቫልቩ ሲዘጋ ያበጠው ውኃ ወደ ታንከሩ መመለስ ስለማይችል፣ ለቦይለሩ የቀረው መውጫ መተንፈሻው ብቻ ነበር። አባቴ እሱንም በክዳን ጠምዝዘው ዘጉት። ቦይለሩ ሲፈነዳ አጠገቡ ነበሩ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆዩ።

በአርባቸው ማግሥት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቱቦውን ለካሁ። ከሚገባው አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ያንሳል። ወርጄ እናቴ ፊት ተቀመጥሁ።

«እማዬ፣ ቱቦውን ያሳጠርሁት እኔ ነኝ። አባባ የዘጉት የእኔን ስሕተት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«እሱም ለክቶት ነበር። ናፊያ ‹የልጅዎ ሥራ ነው እንዴ?› ብትለው ‹እኔ ነኝ የነካካሁት› አላት። ሰው እንዳይስቅብሽ፣ እስክትመጪ ብሎ ዘጋው። ሆስፒታል ተኝቶም አስማለኝ፦ ‹ልጄ ፍሬ እንዳትሰማ። ግትር ነበር በይ፤ ሁሉም ያምንሻል።›»

በዚያው ቀን ናፊያ ወተት ይዛ ገባች።

«ወላሂ፣ አቶ ወልዴን ነግሬያቸው ነበር፤ አይነካኩ ብዬ!»

እናቴ ቀና አሉ። «ግትር እኮ…»

«አልነበሩም» አልሁ። «አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ያሳጠርሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። አርባ ቀን ሙሉ በሰው ፊት ሲወቅሷቸው የቆዩትን ባላቸውን፣ ያን ጊዜ በስማቸው እየጠሩ አለቀሱ።