ማኅተም ያለው ጥናት

ታላቅ እህቴ የስኳር ኪኒኗን ካቆመች አሥራ ሁለት ቀን እንደሆናት የነገረችኝ እንደ ምሥራች ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስትሞክር ነበር። ሦስት ጊዜ ሳተችው።

«ዱቄት ጀምሬያለሁ» አለች። «የቅጠል ነው። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ።»

«ማነው ያዘዘልሽ?»

«የእናንተው ዩኒቨርሲቲ።»

ከልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ታጥፎ የተቀመጠ በራሪ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል፣ በጥናት የተረጋገጠ» ይላል። ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ያንን ዘንበል ማለት አውቀዋለሁ። የእኔ እጅ ነው።

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መረከቢያ ክፍል ማኅተም መቺ ነኝ። የመደቡ ስም ከዚህ ይረዝማል፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። በግዢም ይምጣ በስጦታ፣ የገባ ወረቀት ሁሉ እንዳይሰረቅ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት የሚል ማኅተም ይመታበታል። ጎማው ስላረጀ «የቤተ መጻሕፍት ንብረት» የሚለው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የሚነበበው የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ ነው። አዲስ እንዲቀረጽልን የጻፍኩት ደብዳቤ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመልሶልኛል።

ዱቄት ሻጩን አስታወስኩት። ሽቶ የተቀባ ትሁት ሰው ነበር። ይህንኑ በራሪ ወረቀት ሦስት ቅጂ በስጦታ አመጣ፤ ሦስቱንም መታሁለት። «አንዱን ለማስታወሻ ልያዘው» ሲለኝ ደስ ይበልህ አልኩት። ደስ ብሎት በሺህ አባዝቶታል።

«እትዬ፣ ይሄ ማኅተም እኮ ምንም ማለት አይደለም።»

«ምንም ማለት ካልሆነ አንተ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

ይህን ጥያቄ በቤተሰባችን ውስጥ ደፍሮ ያነሳው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ምንጩስን አገኘኋት። ተመራማሪዎችን የምትረዳ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት፤ ስሟን ያወጣንላት እኛ ነን። ሻይ ተፈልቷል ብትላት እንኳ «ምንጩስ?» ሳትል አትነሳም። ጉዳዩን ስለ አንድ ዘመዴ አድርጌ ነገርኳት። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሳሳያት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ዘጠኙ የዱቄቱ ሱቆች ነበሩ።

«ይሄ ገበያ ነው» አለችና ዩኒቨርሲቲው የሚከፍልበትን የጥናቶች ማከማቻ ከፈተች። የቅጠሉን ስምና የበሽታውን ስም አስገባች። አራት መቶ ምናምን መጣ። አይጥ ላይ የተሠራውን ከዝርዝሩ አስወጣች። ሌሎች ባለሙያዎች መርምረው ያላሳለፉትን አስወጣች። ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑትን ብቻ አስቀረች። አራት ቀሩ። አራቱም በየራሳቸው ቋንቋ «በቂ ማስረጃ የለም፤ መድኃኒት አያስቁሙ» ይላሉ።

ሠላሳ አንድ ገጽ አትሜ ለእህቴ ወሰድኩላት፤ ያገኘችልኝ የቤተ መጻሕፍታችን ባለሙያ እንደሆነችም ነገርኳት። አንድ በአንድ ገለጠችው፤ ጀርባውንም አየች።

«ማኅተሙስ?»

«እንዲህ ያለው ጥናት ማኅተም የለውም።»

«አየህ» አለች፣ ወደ ስፌቷ እየተመለሰች። አጠገቧ ሁለት ሊትር ውሃ ነበር፤ ገና ረፋዱ ሳለ ጨርሳዋለች።

የያዝኩትን ቦርሳ ከፍቼ ማኅተሙን አወጣሁ። ከመሥሪያ ቤት ማውጣት ክልክል ነው። ጎማውን እፍ ብዬበት የመጀመሪያው ገጽ ላይ መታሁት።

እህቴ መቀሱን አስቀመጠች። «እኔ ፊት ፎርጅድ ትሠራለህ?»

«ፎርጅድ አይደለም። ዋናው ነው። ያኛውንም እንዲሁ ነው የመታሁት።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

«የምግብ አሠራር መጽሐፍም መትቻለሁ፤ የስልክ ማውጫም።»

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የደንበኞቿን ልብስ ሸፍና ሱቋን ቆለፈች። «ይቺ ሴትዮ ያለችበት ውሰደኝ» አለች።

ምንጩስ ወንበር ሳበችላት። በራሪ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን የጥናት ስም ፈለገች፤ አገኘችው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ስንት ሰው እንደተጠና ይላል።»

«አሥራ አንድ።» እህቴ መነጽሯን አስተካከለች። «አሥራ አንድ ሰው ነው? እኔ ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለመቁረጥ እንኳ ከዚህ በላይ ልጅ እለካለሁ። ስንት ቀን?»

«አምስት።»

«ልብሱ አንድ ጊዜ ሳይታጠብ እኮ ነው። ዱቄቱን ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ?»

ምንጩስ በደስታ ቀና አለች። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃት አንባቢ ካጣች ቆይታለች። «ያልወሰደ ሰው አላዩም።»

«ያለ ሜትር ነዋ የለኩት። ማን ነው ያስጠናው?»

«የዱቄቱ ፋብሪካ።»

እህቴ ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ወደ እኔ ገፋችው። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «የኪኒኑንስ ማን አስጠናው?»

የኪኒኑን ጥናቶች ማገላበጥ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከፊሉን የመድኃኒት ፋብሪካ አስጠንቶታል፤ እህቴ እሱን ለብቻ አስቀመጠችው። ከፊሉ ፋብሪካ ያልነካው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ዓመታት የተከታተለ ነው። እሱን ምንጩስ እየተረጎመችላት በጣቷ እየተከተለች ሰማች።

በመጨረሻ ከቦርሳዋ ኪኒኑን አወጣች። አብሯት ነበር፤ አሥራ ሦስት ቀን ይዛው ዞራለች። ግድግዳው ላይ «ውሃ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ምንጩስ ከጠረጴዛዋ ሥር ጠርሙስ አወጣችላት፤ እህቴ ዋጠችው።

«አሁኑኑ ደግሞ ሄደው ይለኩ» አለች ምንጩስ። «ጥናት ሐኪም አይሆንም።»

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ የእህቴን ጣት ወጋች፤ ቁጥሩን አየችና ሁለተኛ ወጋች። ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን በጊዜ መጥታችኋል አለች። ሐኪሙ እስኪጠራን ካርዱን ትሞላ ጀመር።

«መድኃኒቱን ያስቆመዎት ማነው?»

እህቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ነርሷ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሙሉ የመደቤን ስም፣ ሳታሳጥር፣ ካርዱ ላይ ጻፈችው።