አሥራ ስድስት ቀን ለአራት እንቁላል

ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ታላቅ ወንድሜ እስከ ጭኑ ረጥቦ ከሸምበቆው ወጣና በገልባጭ መኪናዬ መስኮት በኩል፣ «ሞተሩን አጥፊው፣ ታቅፋለች» አለኝ።

«ማን?»

«ባለ ረጅም እግሯ። አራት እንቁላል። ለመፈልፈል አሥራ ስድስት ቀን ይቀራታል።»

ወንድሜ የዚያን ወንዝ ዳር ወፎች መቁጠር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ዝም በሉ» ብሎ ይጠራዋል፤ ከአፉ ሌላ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ። የቀለም ፋብሪካ ለአርባ ዓመት መርዙን ሲደፋበት የኖረውን ረግረግ ለማጽዳት ኤክስካቫተሩ ጭቃውን ይዝቃል፣ እኔ አመላልሳለሁ። በደንቡ ግን ከወፍ ጎጆ በሃምሳ ሜትር ውስጥ ወንድሜ በየጠዋቱ አይቶ ሳይፈርም ሥራ አይጀመርም፤ ጎጆው እንቁላል ካለበት ደግሞ ማሽን ጭራሽ እዚያ ክልል አይገባም።

ኢንጂነሩ ሦስት ሰዓት ላይ ጫማው ላይ ፌስታል አጥልቆ መጣ። ተፈጥሮ ወዳድ ነው፤ ይህን የምናውቀው ራሱ ስለሚነግረን ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ የወፍ ፎቶ ሰቅሏል። ወንድሜ እንዳለው ወፏ በዚህ አህጉር ኖራ አታውቅም።

«ጋሼ፣ እንቁላሎቹን በካርቶን አድርገን ብናዛውራቸውስ?»

«እናቲቱንስ? ደብዳቤ ትጽፍላታለህ?»

«ዝናብ ከመጣ መርዙ ወንዝ ይገባል። ለሕዝቡ አያስቡም?»

«አርባ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ አሥራ ስድስት ቀን አያቅተውም። ከላይ በኩል ጀምሩ፣ እዚያ ጎጆ የለም።»

«እዚያ መንገዱ ገና አልተደለደለም።»

«እንግዲያው ደልድለው።»

ኢንጂነሩ ፎርማኑን ሜትር አስይዞ ላከው። ከማሽኑ እስከ ጎጆው ቀጥታ ሠላሳ አንድ ሜትር ነበር። ይህን ሲሰማ በዳር በዳር እንደገና ይለካ አለ። ፎርማኑ ሜትሩን በወንዙ ጠርዝ በየስርጉዱ እያስገባ፣ በየኩርባው እያዞረ ሲሄድ ከመኪናዬ ሆኜ አየሁት። ሃምሳ ሁለት ወጣ። ኢንጂነሩ ቁጥሩን በሚያምር ጽሑፍ ጻፈው።

«ልጄ፣ ወፍ እኮ ናት» አለው ወንድሜ። «በእግሯ ዞራ አትመጣም።»

ፎርማኑ ሳቁን ለመደበቅ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

«እኔ አልፈርምም» አለ ወንድሜ።

«ግድ የለም፣ ጋሼ። ከሃምሳ ሜትር ውጭ ስለሆነ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልግም። ነገ እንቆፍራለን።»

በማግስቱ ወንድሜ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ወፏን እንዳይረብሽ ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት ውኃው ውስጥ ተቀመጠ። ሰው በሃያ ሜትር ውስጥ ካለ ኤክስካቫተር አይንቀሳቀስም። ይህን የሚጠብቀው ኢንሹራንስ ስለሆነ በዚህኛው ሃያ ሜትር ኩርባ የሚያዞር አልተገኘም። ኢንጂነሩ ተሸክማችሁ አውጡት ቢል፣ የደህንነት ኃላፊው ሰው ከተነካ የሚሞላው ፎርም አሥራ አንድ ገጽ መሆኑን ነገረው። ተወው።

በየቀኑ ሻይ በቴርሞስ አመጣለት ነበር።

«ጋሼ፣ ደረትህን አታውቀውም?»

«እንዴት አላውቀውም? ስልሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን።»

ሳል ሲመጣበት፣ እሷ እንዳትደነግጥ መሐረቡን አፉ ውስጥ ይወትፍ ነበር። እኔ ደንግጬ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። ሐኪሙ ሳንባ ምች አለን። አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ወንበሩን ማን ያዘው?» አለኝ።

«ፎርማኑ።»

«ያ ሜትረኛ?»

«እሱ ራሱ።»

«ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ንገሪው» አለ፤ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። እውነቴን ነበር፤ ፎርማኑ ማንም ሳይለምነው ሱሪውን ሰብስቦ ገብቷል። ወንድሜ ረቡዕ ቀትር ላይ አረፈ።

ቀብሩ ላይ ኢንጂነሩ «የወፎች አባት» ብሎ ተናገረለት። ስለ ቀና ትብብሩም ሦስት ጊዜ አመሰገነው።

ዓርብ ጠዋት ፎርማኑን አስነስቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኢንጂነሩ ፌስታሉን አጥልቆ መጣ።

«አንቺ ሹፌር ነሽ። ሥራ ላይ አይደለሽም?»

«ሐዘን ላይ ነኝ። ሦስት ቀን ይፈቀድልኛል።»

«ታዲያ ቤትሽ ነዋ።»

«የት እንደምቀመጥ ደንቡ አይልም፣ ኢንጂነር።»

ደንቡን አስመጥቶ አነበበ። እውነትም አይልም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስቱ ተፈለፈሉ፤ አራተኛው ገምቶ ነበር። ጫጩቶቹ ከሰዓት በኋላ እናታቸውን ተከትለው ሸምበቆው ውስጥ ገቡ። ሰኞ ኤክስካቫተሩ ቦታውን ቆፈረው፤ ጭቃውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ።